በአንድ የጤፍ ፍሬ የቀረብናት ፀሐይ

ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ጃንሆይ በዙፋናቸው ነበሩ፤ ይህን አውቃለሁ። የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ገና አዲስ ቆርቆሮ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ዓይን ስለሚወጋ ላሞቻችን በዚያ በኩል ማለፍ ይፈሩ ነበር። ከዚያ ውጭ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ይሁን አሥራ አንድ፣ ቆጥሬ ልደርስበት አልቻልኩም። ወቅቱ አይጠፋኝም። ገብስ ታጭዶ ያለቀበት፣ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት የሚፍቁበት፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታይበት የበጋው መጀመሪያ ነበር።

ያስታወሰኝ ባለፈው ጥር የልጅ ልጆቼ ከሆሳዕና በመኪና ወስደው ሐምበሪቾ ተራራ ሥር ያወረዱኝ ቀን ነው። ተራራው አሁን ደረጃ ተሠርቶለታል። ወጣቶቹ እየሳቁ፣ ፎቶ እየተነሱ ይወጡታል። "አባባ፣ ቀስ እያልን እናውጣዎት" አሉኝ። "ጉልበቴ እምቢ አለ" ብዬ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። በጉልበቴ አመካኘሁ እንጂ ጉልበቴ ደኅና ነበር። ያስቀመጠኝ ከላይ የወረደው ነፋስ ነው። የእርጥብ ድንጋይና የደረቀ ሣር ሽታ አለው። ስንት ዘመን አልፎ ሽታው ያው ነው። እጆቼን ልጆቹ እንዳያዩብኝ በጋቢዬ ውስጥ ደበቅኩ።

ቤታችን ከአንጋጫ ወጣ ብሎ፣ ከዚሁ ተራራ እግር ሥር ነበር። መስኮት የሌለው ክብ የሣር ቤት ነው። ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ የእንሰት ቅጠል ደግሞ ሰውን ከነከብቱ ያስጠልላል። በበጋ ፀሐይ የምትወጣው ከሐምበሪቾ ትከሻ ኋላ ስለሆነ፣ ማዶ ያሉት ሰዎች ጀርባቸውን ሲሞቁ እኛ ገና በተራራው ጥላ ውስጥ ነን። ተራራውን አልፋ ስትመጣ እንሰቱ ይቀበላታል። ወደ ቤት የምትገባው ከዚያ የተረፈችው ብቻ ናት።

በዚያ ቤት የውስጠኛው ጥግ፣ ከከብቶቹ ወዲህ፣ በመጋረጃ ተከልላ እህቴ ታደለች ትተኛለች። ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ሆኗታል፤ ደጅ አይታ ግን አታውቅም። ይህን ያዘዘችው አያቴ ናት፣ የአባቴ እናት። እናቴ ከታደለች በፊት የወለደቻቸው ሦስት ሕፃናት ሞተዋል። ሦስቱንም በገዛ እጇ አጥባ የገነዘቻቸው አያቴ ነበረች። አንዱን ምች መታው፣ ሁለቱን የሰው ዓይን በላቸው ትላለች። ስለዚህ ታደለች ስትመጣ አያቴ ደጁን ዘጋችባት። ፀሐይ አይንካት፣ ዓይን አይያት።

አያቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። እናቴ በፊቷ ቀና ብላ አትናገርም። አባቴ እንኳ ከእርሷ ጋር ሲከራከር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን አያቴ ለለቅሶ ሀደሮ ሄደች። እናቴ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች መሰለኝ፤ ታደለችን በነጠላ ሸፍና አዘለቻትና "ተነሥ፣ አንጋጫ ክሊኒክ ልንሄድ ነው" አለችኝ። እኔን የፈለገችኝ ለአስተርጓሚነት ነው። እናቴ ከከምባትኛ በቀር አታውቅም፣ ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ሐኪም፣ ደግሞ አማርኛ ብቻ። በቤታችን አማርኛ የሚሞክር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያን ዓመት ትምህርት ቤት ገብቼ ስለነበር።

ድሬሰሩ የእህቴን እጅ አንጓ ያዘ፤ አበጥ ያለ ነው። እግሯን ዘረጋ፤ እንደ ለጋ ቅጠል ታጠፈለት። አናቷን ዳበሰ።

"ቁጭ ትላለች?"

"አትልም።"

"የት ነው የምትውለው?"

"ቤት ውስጥ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ድሬሰሩ ወደ በሩ አመለከተኝ። ውጭው ቦግ ብሎ ዓይን ያጭበረብራል። "ያችን ፀሐይ ታያለህ? ለእናትህ ንገራት። የዚህች ልጅ መድኃኒት ያች ናት። ጠዋት ጠዋት ልብሷን አውልቃችሁ ግማሽ ሰዓት አሙቋት። ሁለት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳትዘሉ። አለዚያ አጥንቷ አይጸናም። ደረቷ እንዲህ ለስልሶ ሳለ ሳል ከያዛት ደግሞ አትተርፍም።"

ይህን በእኔ አፍ ለእናቴ ነገርኳት። ስናገረው ራሴ ደነገጥኩ። ፀሐይ መድኃኒት! አያቴ ገዳይ የምትላት ፀሐይ! ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ "ለአያትህ ማን ይነግራታል?" አለችኝ። የሚነግራት እኔ እንደሆንኩ በአነጋገሯ ገባኝ።

ነገርኳት። አያቴ የያዘችውን እንጨት ምድጃው ውስጥ አስተካክላ ካስገባች በኋላ ዞረች።

"ይህ ሰው ስንት ልጅ ገንዟል?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔ ሦስት። ሄደህ ንገረው።"

ነገሩ በዚያ አለቀ። እኔ ግን ድሬሰሩ "አትተርፍም" ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ግድግዳችን ላይ አንዲት ስንጥቅ ነበረች፤ ረፋድ ላይ እንቁላል የምታህል ፀሐይ በእርሷ ታልፍና መሬቱ ላይ ታርፋለች። አንድ ቀን አያቴ ስትወጣ ጠብቄ ታደለችን ጎትቼ አንድ እግሯን እዚያች ላይ አደረግኩላት። ፀሐይዋ ስትሸሽ እግሯን አስከትላለሁ። ልጅቱ ሳቀች። አንዱ እግር ከጸና ነገ ደግሞ ሌላውን እላለሁ በልቤ። በማግሥቱ ስንጥቋ በእበት ተደፍና አገኘኋት። አያቴ ምንም አላለችኝም፤ እጇን እየታጠበች ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ጋሼ ተሰማ የፋኖሱን ትምህርት ያስተማሩን።

ጋሼ ተሰማ ከሸዋ የመጡ፣ ጥርሳቸው ፍንጭት የሆነ ሳቂታ አስተማሪ ነበሩ። ስለ ሰማይ የሚያወራ አንድ የተቦጫጨቀ መጽሐፍ ነበራቸው፤ ከዚያ ያነበቡትን ለኛ ሳያካፍሉን አያድሩም። ያን ቀን በጠራራ ፀሐይ የክፍሉን መስኮቶች ሁሉ አስዘጉና ጨለማው መካከል ፋኖስ አበሩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ፋኖስ!"

"አይደለም። ዛሬ ፀሐይ ነው።"

ሳቅን። ከዚያ መካከሉ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ካርቶን አወጡና ከፋኖሱ አንድ እርምጃ ርቀን እንድንይዝ አደረጉ። ሌላ ሰፊ ወረቀትም ነበራቸው፤ ቀዳዳዋን በሚያህሉ ካሬዎች የተሰመረ። ወረቀቱ ካርቶኑን ተጠግቶ ሲቆም በቀዳዳዋ ያለፈው ብርሃን አንድ ካሬ ሞላ።

"አሁን ወረቀቱን ወደ ሁለት እርምጃ ልወስደው ነው። ስንት ካሬ ይሞላል?"

"ሁለት!" አልን ሁላችንም።

ወረቀቱን ወሰዱት። አራት ሆነ። ሦስት እርምጃ ላይ ሲያደርሱት ዘጠኝ ሞላ። ተጠግቼ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ጠጉሬ ቆመ። ማንም ካርቶኑን አልነካም፣ ማንም ፋኖሱን አልነካም፤ ይህን ያህል ሥርዓት ከየት መጣ?

"ብርሃኑ አልጨመረም" አሉ ጋሼ ተሰማ። "ያው የመጀመሪያው ብርሃን ነው፤ ለብዙ ካሬ ተካፍሎ ሳሳ እንጂ። እጥፍ ስትርቅ ለአራት ይካፈላል፣ ሦስት እጥፍ ስትርቅ ለዘጠኝ። ፀሐይም እንዲሁ ናት። እኛ ከእርሷ መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነን።"

እኔ ከማውቃቸው ቁጥሮች ትልቁ ሺህ ነበር። ሚሊዮንን ትንሽ ከሺህ ከፍ የሚል አድርጌ ወሰድኩት። ሩቅ የምለው ቦታ ደግሞ ሆሳዕና ነው፤ አባቴ በእግሩ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር።

ከዚያ ወደ ሜዳ አወጡን። አንዱን ልጅ መካከል አቁመው ፀሐይ አሉት። መሬትን አሥር እርምጃ ላይ አቆሟት። ጁፒተርን ሃምሳ ሁለት ላይ፣ ሳተርንን ዘጠና አምስት ላይ። እኔ ኔፕቲዩን ደረሰኝ። "ሦስት መቶ እርምጃ ሂድ!" አሉኝ። እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ሜዳው አለቀ፤ አጥሩን ዘልዬ የሰው ገብስ ማሳ ቃርሚያ ውስጥ ገባሁ። ስዞር ፀሐይ የሆነው ልጅ እንደ አውራ ጣቴ ጥፍር አንሷል። ጋሼ ተሰማ ከወዲያ ይጮኻሉ፤ አይሰማም። ሳተርን የነበረው ልጅ ተቀብሎ አሻገረልኝ።

"የኔ ለዘጠና ተካፍላ አንዷ ናት! ያንተ ለዘጠኝ መቶ!"

"ምን?"

"ለዘጠኝ መቶ! ያንተ ፀሐይ ኮከብ ናት ማለት ይቻላል!"

ከኋላ የሚቀመጥ፣ ጺም ያበቀለ ዘለቀ የሚባል ተማሪ ነበረን፤ የእርሱ ድምፅ ግን ያለ አሻጋሪ ደረሰኝ። "ጋሼ፣ ኔፕቲዩን ላይ ያለ ሰው ታዲያ ገብሱን በምን ያደርቃል?"

"እዚያ ሰው የለም።"

"ለዚህ ነዋ!"

ሳቁ ከሩቅ መጣልኝ። እኔ አልሳቅኩም። ቃርሚያው እግሬን እየወጋኝ፣ ሁለት እጄን አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። ፀሐይ ባለችበት አገር ፀሐይ የሌለው ቦታ አለ! ርቆ የተቀመጠ ሰው ለዘጠኝ መቶ ተካፍላ አንዷ ብቻ ናት የምትደርሰው! ያን ጊዜ የታየኝ ኔፕቲዩን አልነበረም። መጋረጃው ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ ያለችው ልጅ። እህቴ የምትኖረው እዚያ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሌሎቹ ወደ ክፍል ገብተው አልቀዋል፤ እኔ ቃርሚያው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ ተሰማ ራሳቸው መጥተው "ኔፕቲዩን፣ ትምህርት አልቋል" ብለው እጄን ይዘው መለሱኝ።

በመንገድ ላይ ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ቀረብ ካልንስ?"

ቆም አሉ። ደስ አላቸው። "ጎበዝ! በተገላቢጦሽ ነው። ርቀቱን በግማሽ ብትቀንሰው አራት እጥፍ ትበረታለች። አንድ አራተኛው ብቻ ቢቀርህ አሥራ ስድስት እጥፍ።"

አሥራ ስድስት። ይህችን ቁጥር ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ሒሳቤን ልንገራችሁ። ድሬሰሩ ያዘዘው ስልሳ ጠዋት ነው። አያቴ ቤቱን ለቃ የምትውለው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ስትወጣ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ማለት ስልሳ ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ታደለች አትቆይም። ፀሐይዋን ማበርታት አለብኝ። ፀሐይ ደግሞ በየጠዋቱ የት እንደምትቀመጥ ዓይኔ ያያል፤ ሐምበሪቾ ትከሻ ላይ። ቀና ብሎ የሚያይ ሁሉ ያያታል፤ ተራራው ላይ ወጥታ አረፍ ትላለች፣ ከዚያ ትነሣለች። ጫፉ ላይ የደረሰ ሰው በእጁ ሊነካት ምንም አይቀረውም። እኔ ግን ጥንቁቅ ነበርኩ። በጣም ከቀረብን እንቃጠላለን ብዬ፣ አንድ አራተኛው መንገድ እስኪቀር ብቻ ልሂድ አልኩ። አሥራ ስድስት እጥፍ። ስልሳውን ጠዋት በአራት ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ።

በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ አስቤ አላውቅም። ስሕተት ይኖረዋል ብዬ ለአንዲት ቅጽበት አልጠረጠርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አያቴ የቅቤ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። እናቴም ጎረቤት እንሰት ለመፋቅ ተጠርታ ነበር፤ "ካለቀሰች ጥራኝ" ብላኝ ሄደች። ታደለችን በእናቴ ነጠላ አዘልኳትና በእንሰቱ መካከል ሾልኬ ወጣሁ። በር ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ ስትከፍተው ሰማዩን አየችና ትንፋሿ ቆመ፤ ጀርባዬ ላይ ተሰማኝ።

ተራራው ሥር አንድ ሣር ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚወርድ የሰፈራችን ሰው አገኘኝ።

"አንተ ልጅ፣ ሚስት አገባህ እንዴ? ሚስትህ የት ሄዳ ነው አንተ ልጅ ያዘልከው?"

"እህቴ ናት።"

"ወዴት ነው ታዲያ?"

"ፀሐይ ላሞቃት።"

"ፀሐይ እዚህ የለችም?" አለና እየሳቀ ወረደ።

ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጉልበቴ ነው፣ እርሷ አልተነካችም። ዛፉ አለቀ፣ ቁጥቋጦው አለቀ፣ ሣርና ድንጋይ ብቻ ቀረ። ጫፉ አጠገብ ስደርስ ፀሐይዋ ግራና ቀኝ ሳትል ፊት ለፊቴ ናት። እንዲህ ያለ ብርሃን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ አፈሰሰ። ደርሻለሁ አልኩ። ታደለችን ሜዳው ድንጋይ ላይ ነጠላውን አንጥፌ አስተኛኋት፤ ድሬሰሩ እንዳዘዘው ልብሷን ሙሉ በሙሉ አወለቅኩ።

ነፋሱ ያን ጊዜ መጣ።

ታደለች አለቀሰች። እኔ ሙቀቱን ጠበቅኩ። አሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ አሁን ይመጣል። መቶ ቆጠርኩ፣ እንደገና መቶ ቆጠርኩ። ጆሮዬ በብርድ ይቆረጥማል፣ ብርሃኑ ግን ዓይኔን እንደወጋኝ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? ፀሐይ እዚህ አጠገቤ ናት፣ ብርድ ከየት መጣ? ከዚያ ታደለች ማልቀሷን ተወች። ሞቃት፣ ደስ አላት አልኩ። ዘወር ብዬ አየኋት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ከንፈሯ ግን ጠቁሯል። እጇን ያዝኩ። ድንጋይ የያዝኩ መሰለኝ።

እስከ ዛሬ ያ እጅ እጄ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ነጠላውን ጠቀለልኩባት፣ ደረቴ ላይ አጣበቅኳት፣ ሮጥኩ። መንገዱ ጠፋኝ። ገደል አጠገብ ደርሼ ተመለስኩ። "ታደለች፣ ታደለች" እላለሁ፤ አትመልስም። ገደልኳት እያልኩ ነበር፤ በድምፅ ይሁን በልቤ አላውቅም።

ከድንጋዮቹ መካከል አንዲት ሴት ስትወጣ አየሁ። ጫማ የላትም፣ የራሷ ሻሽ ወድቋል፣ የቅቤ ዕቃዋን በብብቷ ይዛለች። አያቴ ናት። ያ ሣር ሻጭ ገበያ ላይ አግኝቶ በሳቅ ነግሯት፣ ገበያውን ጥላ ተራራውን ወጥታለች።

ይመታኛል ብዬ የምጠብቀው እጇ ተዘረጋ። "አምጣት።"

ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ነፋስ የማያገኘው ጎድጓዳ ቦታ ገባች። ቀሚሷን ከፍታ ታደለችን ራቁቷን ከደረቷ ጋር አጣበቀች። ለገበያ የያዘችውን ቅቤ በመዳፏ አሽታ አሙቃ የልጅቱን ጀርባ ማሸት ጀመረች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። ሰውነቷን አዙራ ፊቷን ወደ ፀሐይ መለሰች። ነጠላውን ከታደለች ጀርባ ላይ ገለጠችው። ፀሐይ የሚፈራው ያ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አየሁ።

ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጣቷ ነው። ቀጥላ አስነጠሰች። ቀጥላ አለቀሰች፤ ተራራውን የሚሰነጥቅ ለቅሶ።

አያቴ ዓይኗን ከፈተች። "ይኸው" አለች፤ ለኔ ይሁን ለፀሐይዋ አላውቅም።

ስንወርድ ደጃችን ሰው ሞልቶታል። እናቴ ቤቱን ባዶ አግኝታ ጮኻ ኖሮ ሰፈሩ ወጥቷል። አባቴ አለንጋ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"የት ወሰድካት?" አለ።

ከአለንጋው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

"አለንጋውን አስቀምጥ" አለች አያቴ ከኋላዬ። "እኔ ነኝ የላክሁት።"

ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ ያልሰማ መሰለ። "አንቺ?"

"እኔ። ድሬሰሩ ፀሐይ ያሙቋት ብሏል። እስቲ ይሞከር ብዬ ልጁን ላክሁት።"

"አንቺ? ፀሐይ?"

"ሰው ሐሳቡን አይለውጥም?"

አባቴ አለንጋውን ጣሪያው ላይ ሰካው። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ እንደቆመች ቀረች። እኔ አያቴን አየኋት፤ አላየችኝም፤ የተረፈ ቅቤዋን ስትከድን ነበር። በቤታችን ውሸት ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሳታስበው የተናገረችው ውሸት እንዴት እንደሚያስራት በማግሥቱ ታየ። እናቴ ጠዋት ተነሥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ "እንግዲህ እርስዎ ካሉ... ላውጣት?" አለቻት። አያቴ ወደ በሩ አየች። በሰው ፊት ብላዋለች፤ መመለሻ የለውም። ወይም ደግሞ አስባበት ኖሯል፤ ይህን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ቢላዋውን አንሥታ ወጣች። ከበሩ በስተምሥራቅ የቆሙትን ሦስት እንሰቶች፣ ገና ሁለት ዓመት የሚቀራቸውን፣ ቆርጣ ጣለቻቸው። አባቴ "እማዬ! ያልደረሰ እንሰት!" ብሎ እየሮጠ መጣ። በእኛ ዘንድ ያልደረሰ እንሰት ያለ ችግር መቁረጥ የልጅን ጉርሻ መሬት ላይ እንደመድፋት ነው። እርሷ መልስ አልሰጠችውም። እንሰቶቹ በወደቁበት ፀሐይ ገብታ እስከ ምድጃው ድረስ ዘለቀች። ምድጃችን አመዱ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ወሬው ቀድሞኛል። ዘለቀ እንኳ አልቀለደም። ጋሼ ተሰማ ለብቻዬ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አስቀመጡኝና እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሒሳቡን ነገርኳቸው፤ አንድ አራተኛ፣ አሥራ ስድስት፣ አራት ቅዳሜ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ያዙ።

"ስማኝ" አሉ ቆይተው። "ከዚህ እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት አሳንሰን ከዚህ እስከ አዲስ አበባ አደረግነው እንበል። አዲስ አበባን ታውቃለህ?"

"ሩቅ ነው። ከሆሳዕና በጣም ያልፋል።"

"ይሁን። መንገዱ ያን ያህል ከሆነ፣ አንተ ሐምበሪቾ ጫፍ ስትደርስ የሄድከው አንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ነው።"

"አንዲት ጤፍ?"

"አንዲት። ርዝመቷን ያህል።"

አላመንኩም። ተራራውን አየሁት። ያን ሁሉ ድንጋይ፣ ያን ሁሉ ትንፋሽ! አንዲት ጤፍ! ያኔ ነው ፀሐይ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነች፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥታ እበት የደፈነው ስንጥቅ ላይ እንደምትደርስ የገባኝ። መሬቱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ታዲያ ለምን በረደ?"

"እርሱ የፀሐይ ጥፋት አይደለም፤ የአየር ነው። አየር ጋቢያችን ነው፤ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይሳሳል።" እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ርቀቱን በቁጥር ብቻ ነገርኩህ።"

ይህን ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። ታደለችን ቅቤ ቀብታ ፀሐይ ላይ ይዛት ነበር።

"ለአንዲት ጤፍ ነው ያን ተራራ ያስወጣኸኝ?" አለች።

እናቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ታደለችን መንካት ትቼ ነበር። ስታለቅስ እወጣለሁ። እጇን ወደኔ ስትዘረጋ እጄን ከኋላዬ እደብቃለሁ። ምግብም አይወርድልኝም። ትልልቆቹ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል ይሉ ነበር። አልረሳሁትም፤ እየባሰብኝ ሄደ።

አንድ ጠዋት አያቴ ከወደቁት እንሰቶች ግንድ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

"ያዛት። እጄ ደክሞኛል።"

የእርሷ እጅ ደክሞ አያውቅም። "እምቢ" አልኩ።

"ለምን?"

"እጄ ላይ ትሞታለች።"

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች፤ እያንዳንዱ ሽብሽባት ይታየኛል። "እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ከሦስቱ በኋላ። የነካሁት ይሞታል ብዬ ነው መጋረጃ የጋረድኩት። ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ታደለችን ጭኔ ላይ አደረገቻት። የሞቀ ገላ ነው፤ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ክንዴ ላይ ወረደ። ሁለት እጄን በሁለት እጇ ሸፍና የልጅቱ ወገብ ላይ አኖረቻቸው፤ መንቀጥቀጤ እስኪተወኝ አልለቀቀቻቸውም። በማግሥቱም እንዲሁ። ስልሳውን ጠዋት እንዲህ ጨረስነው፤ አንድም ቀን ሳንዘል። በልጉ ዝናብ ሲጀምር ታደለች የእኔን ሁለት ጣቶች ይዛ በእግሯ ቆመች።

በእኛ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ከዚያ ስም ጋር አንድ ዓይነት መነሻ ያለው ቃል እንኳ አፏ ላይ ሲደርስ በሌላ ትለውጠዋለች። ስለዚህ የአያቴ ስም በቤታችን አይሰማም ነበር። ለአባቴ እናቱ፣ ለእኔ አያቴ፣ ለጎረቤት የእገሌ እናት ናት። እኔም ስሟን የሰማሁት አድጌ ነው። ያን በጋ እጄን ይዛ ያሻገረችኝ ሴት ሎዳሜ አንሼቦ ትባል ነበር።